"ምርጫ ይቅርብን" ላልከው የከዚራ ልጅ፦ ደሙን ያመጣው ካርዱ አይደለም

ትላንት ማታ አንድ ጽሁፍ ሦስት የተለያየ ሰው ላከልኝ፣ ሦስቱም "አየኸው ወይ?" ነው ሚሉት። ርእሱ "ምርጫ ይቅርብን" ይላል። የጻፈው እዚ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ አሁን አዲስ አበባ ሚኖር የኛው ልጅ ነው፣ ስሙን አልጠራም ፀቤ ከሱ ጋር ስላልሆነ። ላላነበባችሁ ባጭሩ እንዲህ ነው ሚለው፦ ምርጫ በቀረበ ቁጥር ሰው ይሞታል ሱቅ ይዘረፋል፣ 97ን አስታውሱ፣ ኬንያን እዩ፣ ድሬ የፍቅር ከተማ ናት ረብሻውን ሚያመጡት ከውጪ በመኪና ተጭነው የመጡ ናቸው፣ እነሱን ደግሞ ሚከተለው ስራ አጥ ጫት ቃሚ ወጣት ነው፣ ስለዚህ በምርጫው ቀን ወታደር ይግባ፣ ኢንተርኔት ይዘጋ፣ ከሁሉም ከሁሉም ግን ሰባተኛው ምርጫ ይራዘምና ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ወንበሩን ያከፋፍሉን።

አቦ፣ ጽሁፉ አሪፍ ተጽፏል፣ እሱን አልክድህም። ፍርሃትህም የውሸት አይደለም፣ እኔም ልጆች አሉኝ። ግን አሪፍ ተደርጎ የተጻፈ ስህተት ነው ቶሎ ሚዛመተው፣ ለዛ ነው ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ልመልስልህ ያልኩት።

ከ97 እንጀምር። "ምርጫው ያንን ሁሉ ሰው በላ" ትላለህ። እስቲ ቀኑን እንየው። ሚያዝያ 30 ቀን 1997 መስቀል አደባባይ የወጣውን ህዝብ ታስታውሳለህ፣ ያ ሁሉ ሰው ወጥቶ፣ ጮሆ፣ ዘፍኖ በሰላም ነው ቤቱ የገባው። ግንቦት 7 ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ መረጠ። ከዛ በፊት በነበሩት ወራት ፓርቲዎቹ በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ሲከራከሩ እዚ ድሬ ሻይ ቤት ተጨናንቀን እንደ ኳስ ነበር ምናየው፣ አንተም ያኔ ልጅ ሆነህ በር ላይ ቆመህ ሳታይ አትቀርም። ገጠር ላይ እስርና ድብደባ አልነበረም እያልኩህ አይደለም፣ ነበር። ያ የምናለቅስለት ደም ግን የፈሰሰው ሰኔ 1 ቀንና በጥቅምት 1998 ነው፣ ማለትም ካርዱ ኮሮጆ ውስጥ ከገባ በኋላ። ፓርላማው ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪልና 6 ፖሊስ ብሎ የቆጠራቸው ሰዎች ሲመርጡ አልሞቱም፣ "የመረጥነው ተቆጥሯል ወይ?" በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ነው የሞቱት። የቆጠራ ችግርን የመምረጥ ችግር ካደረከው መድሃኒቱም ይሳሳትብሃል። ጥርሱን ላመመው ሰው አፉን ስፉት እንደማለት ነው።

አሁን ወደኛ ከተማ ልምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው ንዴቴ እዚ ጋ ነው።

ድሬ ከሁሉም የከፋው ጊዜዋ መቼ ነበር? እኔ ልንገርህ፣ አንተ ያኔ ሄደህ ነበር። በ2010 ክረምት ከጅጅጋው ቀውስ ጋር ተያይዞ እዚም ሰው ሞተ። በጥር 2011 ጥምቀት ሰሞን ድንጋይ ተወርውሮ ከዛ ለቀናት ሰፈር ለሰፈር ተያያዝን፣ ጎማ ነደደ፣ ሱቅ ተሰበረ። በጥቅምት 2012 መንግስት ራሱ በአገሪቱ 86 ሰው ሞተ ባለበት ሳምንት ድሬም ሐረርም ውስጡ ነበሩ። እሺ፣ ከነዚህ የቱ ነው የምርጫ ሰሞን? አንዱም! እንደውም በ2005 የመረጥነው የከተማው ምክር ቤት የአምስት አመት ጊዜው በ2010 አልቆ፣ ምርጫው "ይራዘም" ተብሎ፣ ደግሞ ተራዝሞ፣ እስከ 2013 ድረስ ስምንት አመት ሙሉ ድሬ ውስጥ አንድም ሰው ለከተማው ምክር ቤት ካርድ አልያዘም። አንተ ምትለምነው መራዘም ማለት ያ ነው፣ ኖረንበታል። ደም ማፍሰስ ከምርጫ ጋር ሚመጣ ቢሆን ኖሮ እነዛ አመታት የድሬ የሰላም ዘመን መሆን ነበረባቸው።

ሲዳማንም እይ፣ ከኛ ሩቅ ነው ግን ትምህርቱ ግልፅ ነው። ህገመንግስቱ ክልል እንሁን የሚል ጥያቄ ከቀረበ ህዝበ ውሳኔው በአንድ አመት ውስጥ ይደረግ ይላል፣ አመቱ ሞላ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2011 መጣ፣ ምንም የለም። በዛ ሰሞን ብዙ ሰው ሞተ። ከአራት ወር በኋላ ህዳር 10 ቀን 2012 ድምፅ መስጫው ቀን ሲደርስስ? ሰው ነጭ ለብሶ ተሰልፎ ሰጠ፣ 98.5 ከመቶው ክልል እንሁን አለ፣ በሰላም አለቀ። ድምፁ ሲዘገይ ነው የተገዳደሉት፣ ሲሰጥ አይደለም።

ሃገር አቀፉም መራዘም እንደዛው ነው። ነሐሴ 23 ቀን 2012 የተባለው ምርጫ በኮሮና ምክንያት ተራዘመ፣ እሺ በሽታ ነው ይሁን፣ ግን መራዘሙ ሰላም ይዞልን መጣ? ሰኔ 22 ቀን 2012 ዘፋኙ ሃጫሉ ተገደለ፣ ከዛ በኋላ በነበሩት ጥቂት ቀናት ብቻ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 123 ሰው ሞቷል ብሎ ነው ሪፖርት ያወጣው። መራዘሙ ራሱ ደግሞ ፀብ ሆነ፣ ትግራይ በጳጉሜ የራሷን ምርጫ አደረገች፣ ሁለቱም ወገን አንተ ህጋዊ አይደለህም ተባባሉ፣ ከሁለት ወር በኋላ ጦርነት። ጦርነቱን መራዘሙ ብቻውን አመጣው አልልም፣ እንደዛ ያለ ሰው ካለ ታሪኩን አያውቀውም። ግን "እናራዝመው ይበርድልናል" ሚለው ነገር አንዴም ሲበርድ አላየሁም።

አሁን "ሽማግሌ ወንበሩን ያከፋፍለን" ወደሚለው። ወንድሜ፣ ይሄን ከድሬ ልጅ መስማቴ ነው የገረመኝ። ሌላ ከተማ ያለ ሰው ቢለው ባላወቀ ብዬ አልፈው ነበር። አርባ አርባ ሃያን ረሳኸው? ለማያውቁ፦ ድሬ ወንበሩን ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለቀረው ህዝብ በሙሉ 20 ከመቶ አድርጎ ሚካፈል ያልተጻፈ ስምምነት ነበራት፣ ከንቲባነቱም በኦሮሞና በሶማሌ ድርጅቶች መሃል ተራ በተራ። በትክክል አንተ ምትፈልገው ነገር፣ ያለ ፉክክር ያለ ጭቅጭቅ ቁጭ ተብሎ የተከፋፈለ። ሰላም ሰጠን? በ2011 ወጣቱ ጎዳና ሲወጣ ከሚያነሳቸው ነገሮች አንዱ ይሄው ነበር። አርባ የደረሰው ለኔ ያንሳል አለ፣ ሃያ የደረሰው እኔ ሰው አይደለሁም ወይ አለ፣ ስራ ሲቀጠር፣ ቦታ ሲመራ፣ ኮንዶሚኒየም ሲወጣ ሁሉም ነገር በዛ ሂሳብ ይታይ ጀመር። ኮታ ያለበት ቦታ ላይ ጎረቤትህ ጎረቤት መሆኑ ቀርቶ ቁጥር ይሆናል።

ደግሞ ሂሳቡን እስቲ አንተ ስራው። እናቴ ኦሮሞ ናት፣ አባቴ ጉራጌ፣ ሚስቴ ሶማሌ፣ ትልቋ ልጄ ቤት ውስጥ በሦስት ቋንቋ ነው ምትሰድበኝ። የትኛው አርባ ውስጥ ልክተታት? ወይስ ሃያው ውስጥ ትግባ? ወይስ ሽማግሌዎችህ ለሁለት ይቆርጧታል? መጋላ ሰፈር ውስጥ እንደኔ ቤት ያልሆነ ስንት ቤት አለ በናትህ?

(ሽማግሌዎቹስ እነማን ናቸው? እነሱን ማን ነው ሚመርጣቸው? ሴት አለች ውስጣቸው? ይሄን ጥያቄ ብቻ ጥዬው ልለፍ።)

አንድ ነገር ግን ላንተ ልስጥህ፣ ጠቅልዬ ልክድህ አልፈልግም። ትንሽ ቁጥር ያለው ህዝብ ዋስትና ያስፈልገዋል ብትል ኖሮ እስማማ ነበር። ሐረርን እይ፣ አንድ ሰአት መንገድ ነው። የክልሉ ምክር ቤት 36 ወንበር አለው፣ 14ቱ ለሐረሪ ብሄረሰብ ጉባኤ ናቸው። ሐረሪዎቹ በገዛ ከተማቸው ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ የተደረገ ነው፣ ወደድከውም ጠላኸውም ምክንያቱ ይገባል። ግን እነዛ 14 ወንበሮችም በድምፅ ነው ሚሞሉት! እንደውም በ2013 ከክልሉ ውጪ ሚኖሩ ሐረሪዎች ለጉባኤው ይመርጣሉ ወይስ አይመርጡም ተብሎ ክልሉና ምርጫ ቦርድ ተጣሉ፣ የት ሄዱ? ፍርድ ቤት። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ቦርዱ ተረታ፣ ምርጫውም መስከረም 20 ቀን 2014 ተደረገ። ይሄን ማንም አያወራውም፣ ጎማ ስላልተቃጠለበት ይሆናል። እና የተጠበቀ ወንበር ሌላ፣ ያልተመረጠ ወንበር ሌላ ነው፣ አንተ ሁለቱን አንድ ላይ ፈጨሃቸው።

"ረብሻው ከውጪ የመጣ ነው፣ ድሬ ፍቅር ናት።" አቦ ይሄን ዘፈን እኔም እወደዋለሁ፣ ሰርግ ላይ። በ2011 ጥር እኛ ሰፈር አንድ ጎን ላይ ስድስት ሱቅ ነበር፣ ሁለቱ ተሰበሩ አራቱ አልተነኩም። የተሰበሩት ተያይዘው ያሉ አልነበሩም፣ አንዱ ጫፍ ላይ አንዱ መሃል ላይ ነው። ከሩቅ በመኪና ተጭኖ የመጣ ልጅ የትኛው ሱቅ የማን እንደሆነ በምን ያውቃል? በሩ ላይ አልተጻፈም። ያሳየው ሰው አለ፣ ያሳየው ሰው ደግሞ ከነሱ ሱቅ ስኳር በዱቤ ወስዶ ሚያውቅ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ባይጣራም ሰፈሩ ይጠረጥራል፣ ግን ሁላችንም "ከውጪ የመጡ ናቸው" ብለን ተስማማን ምክንያቱም በማግስቱ አብረን ቡና መጠጣት ነበረብን። ገባህ? ያ አባባል ሰላም ለማውረድ ጠቅሞን ይሆናል፣ አንድም ሰው እንዳይጠየቅም ጠቅሟል። ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ በቀጣዩም ጊዜ ሱቅ ያሳያል።

እርግጥ በዛው ቀን ሌላም ነገር አይቻለሁ። የተሰበረበትን ሰውዬ ቤተሰብ ለሁለት ሌሊት ያስተኛቻቸው ያኛው ወገን ነው ምትሏት ጎረቤታችን ናት። ስለዚህ ፍቅሩ ውሸት ነው አላልኩም፣ ፍቅሩም ጥቆማውም ከአንድ ሰፈር ነው የወጡት።

ጫት ቃሚው ወጣት ጋ ብዙ አልቆይም። መርቅኖ ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ልጅ ውሃ እንኳን አቀብለኝ ብትለው ነገ ነው ሚነሳው። ስራ አጥነቱ እውነት ነው፣ ከበድ ያለ ነው፣ ግን አመቱን ሙሉ ነው። ስራ አጥነት 365 ቀን ሆኖ ድንጋዩ ግን ለምን ቀን ይመርጣል? ቀን ሚመርጥ ነገር ካየህ ቀኑን የመረጠለት ሰው አለ ማለት ነው። ልጁን ትረግማለህ፣ ቀኑን የመረጠለትን ሰው ግን ጽሁፍህ ውስጥ አንዲት መስመር እንኳን አልሰጠኸውም።

አሁን ዋናው ነገሬ። "በምርጫው ቀን ወታደር ካልገባ አለቀልን" ምትለዋ ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀመጥኩት። በ2013 እኔ ሳቢያን ሰፈር አንድ ጣቢያ ላይ ምርጫ አስፈፃሚ ነበርኩ። በምዝገባው ሰሞን አምስት ሰው፣ ጠረጴዛ፣ ትልቅ መዝገብ፣ ካርድ፣ ሳኒታይዘር። አንድ ጣቢያ በህጉ ከ1,500 ሰው በላይ አይመዘግብም። ድሬን ታውቃታለህ፣ ሰው ሚመጣው ጠዋት ነው፣ ከስድስት ሰአት በኋላ ሙቀቱ አለ የአወዳይ ጫትም ገብቷል፣ እስከ አስር ሰአት ዝንብ ነው ምንመዘግበው። አንድ ቀን ጠዋት ሰልፉ ደስ ይል ነበር፣ ሃያ ምናምን ሰው፣ አብዛኛው እናቶች። ሦስት ሰአት ተኩል አካባቢ አንድ ባጃጅ መጣና ቆመ፣ ሾፌሩ ሳይወርድ ሰልፉ ጫፍ ላይ ላለ ልጅ የሆነ ነገር ነግሮት ሄደ። "ገንደ ቆሬ ተነስቷል።" በቃ ይቺው ናት። ገንደ ቆሬ ሰፈር ምን እንደተነሳ፣ ማን እንደተነሳ የለም። ሁሉም ስልኩን አወጣ፣ አንዷ ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው ብላ ሮጠች፣ ሌሎቹ ተከተሏት፣ ከአስር ደቂቃ በኋላ አምስታችን ከነመዝገባችን ቀረን። ፊት ለፊት ያለው ሱቅ እንኳን ግማሽ በሩን ጎተተው።

ከሰአት ደውለን አጣራን፣ ገንደ ቆሬ ምንም የለም። የውሃ ቦቴ መጥቶ ጀሪካን የያዙ ሰዎች በተራ ተጨቃጭቀው ነው። ባጃጁ የሰማውን ነው የተናገረው ወይስ ተልኮ፣ እስከዛሬ አላወቅኩም፣ ውጤቱ ላይ ግን ለውጥ የለውም። በማግስቱ ጠዋት ስንት ሰው መጣ መሰለህ? ሰባት። አንዷ እማማ ነጠላቸውን አደግድገው ገብተው "ትላንት ስድስተኛ ነበርኩ፣ ዛሬ ስንተኛ ነኝ?" አሉኝ። ከፊታቸው የነበሩት አምስቱ የሉም አልኳቸው። "እንግዲያው አንደኛ ነኛ" ብለው ተቀመጡ። የቀሩት አንዳንዶቹ ምዝገባው ሲራዘም መጡ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ አልመጡም።

ሰኔ 14 ቀን ድሬ ላይ ያለ ደም ድምፅ ተሰጠ። ታዛቢው ፎርሙ ላይ "ሰላማዊ" ብሎ ሞላ፣ ትክክል ነው ሰላማዊ ነበር። ያቺ ጠዋት የሄዱት ሰዎች ግን የትኛውም ፎርም ላይ የሉም፣ ምክንያቱም መዝገቡ ላይ ስማቸው ያልሰፈረ ሰው መቅረቱም አይታወቅም። ለዛ ነው የምርጫውን ቀን ብቻ ምታይ ከሆነ ምንም አታይም ምልህ። ከምርጫ በፊት ያለ ግርግር ስራው ሰውን ማሳመን አይደለም፣ በድንጋይ ሃሳቡን የቀየረ ሰው የለም። ስራው ማን ሰልፉ ላይ እንደሚቆምና ማን ቤቱ እንደሚቀር መወሰን ነው፣ እሱ ደግሞ ሚሰራው በምዝገባ ሰሞንና በእጩ ሰሞን ነው። ወታደርህ በምርጫው ቀን ሲደርስ እቃው ተወስዶ ያለቀበት መጋዘን ነው ሚጠብቀው።

በሃገር ደረጃ እየው፦ ያኔ ምርጫው መጀመሪያ ግንቦት 28 ተብሎ ወደ ሰኔ 14 ተገፋ፣ ሰኔ 14 ቀንም ከ547ቱ የምርጫ ክልል መቶ ገደማው በጦርነት፣ በፀጥታና በምዝገባ ችግር ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ። ኦነግና ኦፌኮ የተባሉት የኦሮሞ ፓርቲዎች ደግሞ ከዛ ወራት ቀድመው አባሎቻችን ታሰሩ ቢሮ ተዘጋብን ብለው ወጥተው ነበር። ማለትም የምርጫው ቀን ከመድረሱ በፊት ብዙ ሰው ወይ ካርድ የለውም፣ ወይ ካርድ ኖሮት ሊመርጠው የፈለገው ወረቀቱ ላይ የለም። ነገሩ የኛ ብቻም አይደለም። ፊሊፒንስ ማጊንዳናዎ በሚባል ቦታ በፈረንጆቹ ህዳር 23 ቀን 2009 አንድ ኮንቮይ አስቁመው 58 ሰው ገደሉ፣ 32ቱ ጋዜጠኞች ናቸው። ሰዎቹ ወዴት ነበር ሚሄዱት? አንድ ለገዢነት ሚወዳደር ሰው የእጩነት ፎርሙን ሊያስገቡለት። ምርጫው በቀጣዩ አመት ግንቦት ነበር፣ ስድስት ወር ይቀረው ነበር። ገዳዮቹ ካንተ በተሻለ የምርጫ ካላንደር ያነባሉ።

ኬንያ። ሁሉም ሰው ኬንያን ይጠራል፣ ማንም ግን እስከመጨረሻው አያነብም። በ2007 በነሱ ታህሳስ መጨረሻ ላይ (የኬንያን አመቶች በፈረንጆቹ ነው ምቆጥረው) ተመርጦ ቆጠራው ሲያጠራጥር ከ1,100 ሰው በላይ ሞተ፣ ስድስት መቶ ሺ ገደማ ተፈናቀለ። ልክ ነህ አሰቃቂ ነው። ግን ልብ በል፣ እሱም ከቆጠራ በኋላ ነው። ከምርጫ በፊት ያለውን የኬንያ ታሪክ ከፈለክ ወደ 1991 እና 92 ሂድ፣ መድብለ ፓርቲ ሲመለስ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ቤት እየተቃጠለ ሰው ተባረረ፣ የራሳቸው የፓርላማ ኮሚቴ አጣርቶ ፖለቲከኞች እጃቸው አለበት አለ። የተባረረ ገበሬ የተመዘገበበት ቦታ ላይ ሄዶ መምረጥ አይችልም። ያው የሳቢያኗ ሰልፍ ናት፣ በእሳት ተደርጋ።

ከ2007 በኋላ ኬንያውያን ምን አደረጉ? ምርጫ ይቅርብን አላሉም። በ2010 ህገመንግስት ቀየሩ፣ በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የፕሬዝዳንት ምርጫውን ሰረዘው፣ በ2022 ደግሞ የየጣቢያውን ውጤት ፎርም ኮሚሽኑ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈው፣ የፈለገ ሰው ስልኩ ላይ ቁጭ ብሎ ይደምር ብሎ። ተሸናፊውም ፍርድ ቤት ሄደ። ኬንያ ገነት ሆነች አላልኩም፣ በ2017 ራሱ ሰው ሞቷል። ግን ከነሱ ምትቀዳው ነገር ካለ ይሄኛውን ቅዳ። እኛም ጋ ውጤት ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል፣ ለጥፌያለሁ በእጄ። ማነው ፎቶ ያነሳው? ሁለት የፓርቲ ወኪልና አንድ ፍየል።

(ፍየሏ ልትበላው ነው የመጣችው።)

ኢንተርኔት ይዘጋ ያልከው ላይ፦ በሰኔ 2012 ተዘግቷል እኮ፣ ለሳምንታት። ያ ሁሉ ሰው የሞተው ኔት ተዘግቶ ነው። በ1984 ሰኔ ኦነግ ከምርጫው ወጥቶ ሐረርጌ ሲታመስ ፌስቡክ ሚባል ነገር በአለም ላይ አልነበረም። ባጃጁም ዋይፋይ አልነበረውም። ወሬ ድሬ ውስጥ ለመሮጥ ኔት አትፈልግም፣ ወሬውን ለማስቆም ግን ትፈልጋለች። ያን ቀን እኛ ገንደ ቆሬ ደውለን ያረጋገጥነው ስልክ ስለሰራ ነው፣ ቢሰራም ዘግይተናል። ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ሦስት ቀን "ተነስቷል" እንዳለ ይቆይ ነበር። ጥላቻ ሚዘራውን ሰው መቅጣት ከተፈለገ ህግ አለ፣ አዋጅ 1185 ከ2012 ጀምሮ አለ፣ ከ5,000 ሰው በላይ በሚከተለው አካውንት ሃሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ ሦስት አመት ያስቀጣል። ህጉ ላይ ራሱ ብዙ ቅሬታ አለኝ፣ ጋዜጠኛ ማሸማቀቂያ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ፣ ግን ቢያንስ አንድን ሰው ስሙን ጠርቶ ነው ሚከሰው፣ መቶ ሚሊየን ህዝብ አያጨልምም።

የረሳሁት ነጥብ ካለ በኋላ እመለስበታለሁ፣ አሁን ግን አንድ ነገር ልለምንህ። ጽሁፍህ አናት ላይ ጎማ ሚቃጠልበት ፎቶ አድርገሃል፣ ስሩ "ከዚራ" ይላል፣ ቀን የለውም። እኔ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። መንገዱ ዳገት ነው። ከዚራ ተወልደህ ከዚራ ላይ ዳገት የት አየህ? ደግሞ አንድ ዛፍ እንኳን የለበትም። የት እንዳገኘኸው አላውቅም፣ ድሬ ግን አይደለም። እህቴ ትላንት ማታ በአምስት ሰአት ከጅቡቲ ደወለች፣ ልጆቹ ቤት ናቸው ወይ ብላ፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ። ያንተን ፎቶ አይታ ነው። እናቴ ደግሞ ስልኩን ሰምታ ተነስታ በሩን ቆለፈች፣ ጠዋትም ቀፊራ ገበያ ሳትሄድ ቀረች። ተከታይህ ደግሞ አሁን ሳየው 5,000 አልፏል። አንሳው እሺ፣ ዛሬ ማታ ሳይመሽ።